ከኪቦርድ ወደ ኮምፒውተር፦ በመተማ ድንበር የሚሻገረው ምት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አሠራር ነው። በኪቦርድ፣ በድራም ማሽንና በሚክሰር የተሞላ ስቱዲዮ ወደ አንድ ላፕቶፕ ሲጠቃለል ምን ይተርፋል፣ ምንስ ይጠፋል? በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መተማ ዮሐንስን ከገላባት የሚለያት አንድ አጭር ድልድይ ነው። ከድልድዩ ወዲህ በአማርኛ፣ ከድልድዩ ወዲያ በዓረብኛ ይገበያያሉ፤ በሁለቱም የሚከራከር ነጋዴ ደግሞ ሞልቷል። ሰሊጡ በዚህ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመርም የኢትዮጵያን ኤሌክትሪክ ለሱዳን ለማድረስ የተዘረጋ ነው። ሙዚቃ ግን ከኤሌክትሪኩ ቀድሞ የተሻገረ ዕቃ ነው። የሱዳን ዘፈን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሱዳናዊውን ዘፋኝ መሐመድ ዋርዲን አንድም ቃል ሳይገባው አብሮ የሚያዜም ሰው በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በገንደ ውኃም ይገኛል።

ከገላባት ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ገዳሪፍ ትገኛለች። ጃንትራ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ኪቦርድ ተጫዋች የዚያች ከተማ ሰው ነው። ለድግስ ሲጠራ ያማሃውን ይዞ ይሄዳል፤ ምቱንም ዜማውንም ከዚያው ከአንድ ዕቃ እያወጣ ለሰዓታት ይጫወታል። እዚህ ተጀምሮ እዚያ የሚያልቅ ቁርጥ ያለ ዘፈን የለውም። ጨዋታው እንደ ታዳሚው ሞቅታ ይረዝማል፣ ይፈጥናል፣ ይታጠፋል። ኪቦርዱም ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ አይደለም። በኦምዱርማን ገበያ የያማሃን ድምፅ ለሱዳን ምትና ዜማ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እጃቸው አርፎበታል።

የጃንትራ ጨዋታ ስም ያወጣው በአል ፋሻጋ ነው። አል ፋሻጋን ለቆላው ገበሬ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ለረጅም ዘመን ሲያወዛግብ የኖረው ለም መሬት ነው። በዜና የሚነሳው በወታደርና በካርታ ነው። በሙዚቃ ግን ሌላ ስም አለው፤ ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በ2023 አጋማሽ ያወጣው የጃንትራ አልበም የፋሻጋን ስም በርዕሱ ላይ ይዟል። አልበሙ በወጣበት ወቅት በሱዳን ሚያዝያ 15 የተጀመረው ጦርነት ሁለት ወር ገደማ አስቆጥሮ ነበር፤ በመተማ በኩልም ስደተኛው በገፍ ይሻገር ነበር።

ለዛሬው ትምህርታችን ዋናው ነገር አልበሙ የተሠራበት መንገድ ነው። ሰዓታት የሚፈጅ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው የድግስ ጨዋታ እንዴት በሸክላ ላይ ይወጣል? ድግሱን እንዳለ መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ ግን ከዚያ የሚወጣው ማስታወሻ እንጂ የዳንስ ሙዚቃ አይሆንም። ሰውየውን ስቱዲዮ አስገብቶ «አምስት ደቂቃ የሚሆን ዘፈን ተጫወት» ማለት ደግሞ ጨዋታውን መግደል ነው። አሳታሚዎቹ ሦስተኛ መንገድ መረጡ። ጃንትራ እንደ ልማዱ ሲጫወት ከኪቦርዱ የሚወጣውን የሚዲ መረጃ በኮምፒውተር ያዙ። ምቱንና ዜማውን ለየብቻ ነጣጥለው አወጡ፣ ቀደም ሲል ከተቀረጹ ሥራዎቹ ጋር አዋሃዱ፣ ከዚያ ትራክ አድርገው ቀጠሉት። እጁ ያው የገዳሪፍ እጅ ነው፤ የተቆረጠውና የተሰፋው ግን በሶፍትዌር ነው።

እዚህ ላይ ሚዲ ምን እንደሆነ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከዕቃ ወደ ሶፍትዌር የሚደረገው ጉዞ ሁሉ የሚያልፍበት በር እሱ ነውና።

ሚዲ ድምፅ አይደለም። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ የሚያውቅ አድማጭ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት እንዳበጁ ይነገራል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ እያለ ከፊደሉ በላይ የሚሰፈረው ማለት ነው። ምልክቱ ብራና ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ድምፅ የሚሆነው መሪጌታው ሲያነበው ነው፤ ወፍራም ድምፅ ያለው መሪጌታና ቀጭን ድምፅ ያለው መሪጌታ አንዱን ምልክት በየራሳቸው ጉሮሮ ያወጡታል። ሚዲም እንደዚያው ነው። የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼ ተለቀቀ የሚለውን በቁጥር ይመዘግባል። ቁልፎቹ ከ0 እስከ 127 ይቆጠራሉ፤ የኪቦርዱ መሐል ላይ ያለው ዶ 60 ነው። የእጅ ኃይልም እንዲሁ እስከ 127 ይለካል። ፒያኖ ይሁን ዋሽንት፣ ድምፁን የሚሰጠው ምልክቱን የሚያነበው ዕቃ ነው።

ይህ ስምምነት የተወለደው በ1983 መጀመሪያ ነው። በአሜሪካ በተካሄደ የሙዚቃ ዕቃ ትርዒት ላይ ፕሮፌት 600 የተባለው የአሜሪካ ሲንተሳይዘርና ጁፒተር 6 የተባለው የጃፓኑ ሮላንድ በአንድ ገመድ ተገናኙ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ጮኸ። ተፎካካሪ ኩባንያዎች አንድ ቋንቋ ለመናገር መስማማታቸው በንግድ ዓለም ብርቅ ነው። የሐሳቡ አባቶች ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የግራሚን የቴክኒክ ሽልማት አግኝተውበታል። የሚዲ ገመድ በሰከንድ የሚያሳልፈው 31,250 ቢት ብቻ ነው፤ ዛሬ ላለ ስልክ ይህ ምንም ነው። መረጃው ግን እጅግ ቀላል በመሆኑ አርባ ዓመት አልፎትም ያንኑ ቋንቋ እየተናገርን ነው። ለማነጻጸር፣ በሲዲ ጥራት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ድምፅ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የአንድ ሙሉ ዘፈን ሚዲ ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ ኪሎባይት አይዘልም።

ሚዲ በተወለደበት ዓመት ያማሃ ዲኤክስ 7ን ገበያ ላይ አዋለ። የሰማንያዎቹን ሙዚቃ ድምፅ የቀየረው ይኸው ኪቦርድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኢትዮጵያ ሙዚቃም ከመንገዱ አላመለጠም።

ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሱና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ያለ ባንድ፣ ያለ ዘፋኝ፣ አኮርዲዮኑን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከዲኤክስ 7ና ከድራም ማሽን ጋር አዋደደው። ሙዚቃው ናፍቆት ያዘለ የድሮ ዜማ ነው፤ ከሥሩ የሚመታው ግን ማሽን ነው። ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሰራጭቶ ከጊዜ በኋላ ተረሳ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ በ2013 በሸክላ ታትሞ ወጣ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። በኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከሻንጣ መጫኛው ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ በኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ።

የኃይሉ ካሴትና የጃንትራ አልበም ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱም የአንድ ሰውና የኪቦርድ ሥራ ናቸው። ከ1985ቱ ሥራ የተረፈው ግን ድምፁ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ አቀናባሪ የድራሙን ምት ብቻ ለይቼ ላፍጥን፣ አኮርዲዮኑን ላርቀው ቢል ቴፑ አይፈቅድለትም፤ ሁሉም አንድ ላይ ተቀብሮበታል። ከጃንትራ ጨዋታ ግን እጁም ተርፏል። በምን ያህል ኃይል እንደነካ፣ የትኛውን ምት በጥቂት ሚሊሰከንድ እንዳዘገየ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደታጠፈ ሁሉ ተመዝግቧል። ከዕቃ ወደ ሶፍትዌር መሸጋገር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው። ስለ ድምፅ ጥራት የሚደረገው የካፌ ክርክር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ አንጻር ሁለተኛ ደረጃ ነው።

በዚያ ክርክር ላይ አንድ ነገር እንጨምር። «ዕቃው እውነተኛ ነው፤ ሶፍትዌሩ ማስመሰያ ነው» የሚሉ ሙዚቀኞች አሉ። ዲኤክስ 7 ከየት እንደመጣ ቢያዩ ሐሳባቸው ይላላ ይሆናል። ድምፅን በድምፅ እያወዛወዙ አዲስ ቀለም የማውጣቱን ዘዴ በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያገኘው ጆን ቾውኒንግ ነው፤ ያገኘውም በኮምፒውተር ላይ ሲሞክር ነበር። ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ ዓመታት ከለፋበት በኋላ በፕላስቲክና በብረት ውስጥ ከተተው። ዲኤክስ 7 ሶፍትዌር የነበረ ዕቃ ነው ማለት ነው። ዛሬ ዴክስድ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር የዚያኑ ኪቦርድ ድምፆች በላፕቶፕ ያጫውታል፤ የጥንቶቹን የድምፅ ፋይሎች ሳይቀር ከፍቶ ያነባል። በሰርግ ቤት የሚታየው የዛሬው ያማሃም ቢሆን ከሽፋኑ ሥር ያለው ትንሽ ኮምፒውተርና የተቀዳ ድምፅ ነው።

ማሽንና የአካባቢያችን ሙዚቃ የተዋወቁት ደግሞ ዛሬ አይደለም። ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ ወጣት በ1944 ካይሮ ውስጥ ከሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅረጫ ተዋሰ። ወደ ሴቶች የዛር ሥነ ሥርዓት ሄዶ ዝማሬያቸውን ቀዳ። ከዚያ በጣቢያው ስቱዲዮ ውስጥ መነሻ ድምፆቹን እያጣራ፣ የማሚቶ ክፍል እየተጠቀመ አዲስ ሥራ አወጣበት። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች በቀረጻ ላይ የተመሠረተ ሙዚቃን ሲያወሱ ፓሪስና 1948ን ያስቀድሙ ነበር፤ የካይሮው ሥራ በአራት ዓመት ይቀድማል። ዛር ደግሞ ከካይሮ እስከ ሱዳንና ጎንደር የተዘረጋ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከጉዞ ጓዶቹ ጋር በገላባትና በመተማ በኩል ገብቶ ጎንደር ላይ ወራት ቆይቷል፤ ኋላም ስለ ጎንደር ዛር መጽሐፍ ጽፏል። ኤል ዳብም ወደ እኛ መጥቷል። በስድሳዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ቡድን። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀዳሚ የሆነ ሰው የባህል መሣሪያዎቻችንን ኦርኬስትራ መመሥረቱ ለብዙ አድማጭ አዲስ ሳይሆን አይቀርም።

ሶፍትዌሩ በምን ፍጥነት እንደመጣ በአጭሩ እንለፈው። በ1985 የወጣው አታሪ ኤስቲ የሚዲ መሰኪያ ተገጥሞለት የሚሸጥ የቤት ኮምፒውተር ነበር፤ በ1989 ኩቤዝ የተባለው ፕሮግራም መጣለት። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ምልክቱን ይይዛል እንጂ ድምፁን የሚሰጡት አሁንም ዕቃዎቹ ነበሩ። በ1996 የኩቤዝ ባለቤት ስታይንበርግ ቪኤስቲ የሚባለውን አሠራር ሲያመጣ ማቀነባበሪያው፣ ከዚያም መሣሪያው ራሱ ወደ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት ጀመረ። በ1997 የስዊድኑ ፕሮፔለርሄድ ሪበርዝ በተባለ ፕሮግራም የሮላንድን አሮጌ የባስና የድራም ማሽኖች ስክሪን ላይ ሳላቸው። የቤልጅየሙ ፍሩቲ ሉፕስ፣ ዛሬ ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው፣ በዚያው ሰሞን ተወለደ። በ2001 ደግሞ ኤብልተን ላይቭ መጣና ላፕቶፕ መድረክ ላይ ወጣ።

በኢትዮጵያ የዚህ ፍሬ የታየው ትንሽ ቆይቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የተባሉ ሙዚቀኞች የባህል መሣሪያን ድምፅ ከኮምፒውተር ምት ጋር እያዋሃዱ በ2010ዎቹ አጋማሽ ሥራዎቻቸውን በውጭ አሳታሚዎች አወጡ፤ የሚካኤል «ዘላለም» የወጣው በ2016 ነው። ሁለቱ በአገር ውስጥ ሬዲዮ ብዙ አልተሰሙም። ይህ የሬዲዮዎቹ ጉድለት ነው ብሎ ለመናገር ይህ ዝግጅት አያፍርም። ሰፊውን ሕዝብ የደረሰው ሮፍናን ነው። በ2018 ያወጣው «ነጸብራቅ» በኮምፒውተር የተቀነባበረ የዳንስ ሙዚቃ በአማርኛ ግጥም ብዙ ሕዝብ ሊስብ እንደሚችል አሳየ።

ወደ ቆላው እንመለስ። ገንደ ውኃ፣ መተማ ዮሐንስ ወይም ቋራ ላይ ሰርግ የሚያደምቅ ኪቦርዲስት ላፕቶፕ ለመግዛት ቢያስብ የሚገጥመው ነገር ከአዲስ አበባው ይለያል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲነካ ላፕቶፕ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል። መፍትሔው አለ፤ የተጠናቀቀውን ትራክ «ፍሪዝ» ማድረግ ይባላል። ሶፍትዌሩ መሣሪያውን ደጋግሞ ከማስላት ይልቅ ውጤቱን እንደ ቀረጻ አስቀምጦ ያርፋል። አቧራው ደግሞ ኪቦርዱንም አይምርም። ከቁልፎቹ ሥር ያሉት የላስቲክ መገናኛዎች ሲቆሽሹ አንዳንዱ ቁልፍ ይሞታል፣ አንዳንዱ ያለ ልክ ይጮኻል። መብራት ሲጠፋ ግን ብልጫው የላፕቶፑ ነው፤ ባትሪው ቢያንስ ሥራውን አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል።

ብዙ ሰው የማያስበው የኢንተርኔቱን ጉዳይ ነው። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ፈቃዳቸውን በየጊዜው በኢንተርኔት ካላረጋገጡ አይከፈቱም። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ላይ የተማመነ ሰው ስቱዲዮው ተዘጋበት ማለት ነው። ኪቦርድ ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚመከረው በፍላሽ ተወስዶ የሚጫን፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት የማይፈልግ ሶፍትዌር ነው። ኤልኤምኤምኤስ፣ ኦዳሲቲና ሰርጅ ኤክስቲ በነጻ ይገኛሉ፤ ሪፐር ደግሞ ለ60 ቀን በነጻ ተሞክሮ በኋላ የሚገዛ ነው። በየኮምፒውተር ቤቱ የሚገለበጠው የተሰበረ ሶፍትዌር ከቫይረስ ጋር ስለሚመጣ የአንድ ዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ሊያሳጣ ይችላል።

ከኪቦርድ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚያማርረው መዘግየቱን ነው። ቁልፉን ነክቶ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ኮምፒውተር ድምፅን በጥቅል በጥቅል ነው የሚያወጣው፤ ጥቅሉ «በፈር» ይባላል። በፈሩ 1,024 ናሙና ከሆነ፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚወስደው በተለመደው ቅጂ 23 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፤ ስምንት ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ስፒከር ፊት እንደመጫወት ነው። ወደ 256 ሲወርድ መዘግየቱ ስድስት ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ እጅም አያስተውለውም። ጥቅሉ ባነሰ ቁጥር ግን ኮምፒውተሩ ይጨነቃል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲቀዱ ያሳንሱታል፣ ሲያቀነባብሩ መልሰው ያሳድጉታል።

ሌላው ችግር ከማሽኑ አይደለም። ዕቃ ወሰን አለው፤ አሥር ጥሩ ድምፅ ካለው ኪቦርዲስቱ ከአሥሩ አንዱን መርጦ ወደ ጨዋታው ይገባል። ሶፍትዌር ሺህ ድምፅ ያቀርባል፤ ምሽቱም በመምረጥ ያልቃል። ጃንትራ ለሰዓታት ሳይቆም የሚጫወተው ሺህ ድምፅ ስላለው አይደለም። በአንድ ኪቦርድ ላይ ያለውን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ወደ ላፕቶፕ የሚሻገር ሰው ኪቦርዱን ሸጦ ባይሻገር ይመረጣል። የዛሬ ኪቦርዶች አብዛኞቹ የዩኤስቢ መሰኪያ አላቸው፤ በአንድ ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ እጅ በለመደው ቁልፍ ላይ፣ ምዝገባው በሶፍትዌሩ ላይ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ያስፈልጋል። በኪቦርዱ ምናሌ ውስጥ «ሎካል ኮንትሮል» የሚለው ካልጠፋ፣ አንዱ ድምፅ ከኪቦርዱ፣ አንዱ ከኮምፒውተሩ እየወጣ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማል።

በገበያ የተስተካከለ፣ የሱዳን ወይም የጎንደር ምት የተጫነበት ኪቦርድ ያለው ሰው ደግሞ ሚዲውን ብቻ ይዞ ቢሄድ ይጎድልበታል። ያ ምት የሚጮኽበት ድምፅ በየትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩ ምልክቱን አንብቦ ከበሮ በነበረበት የአሜሪካ ድራም፣ ማሲንቆ በነበረበት ቫዮሊን ያስገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድምፅ፣ ቀስ ተብሎ ሲነካም ጠንከር ተብሎ ሲነካም፣ በንጹሕ ገመድ ተቀድቶ በሳምፕል መልክ መቀመጥ አለበት። የስታይል ፋይሎቹም፣ ማለትም የምቶቹ ፋይሎች፣ በፍላሽ ይገለበጡ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅ ይሆናል። ኪቦርዱ አንድ ቀን ሲሞት ግን ድምፁ አብሮ አይሞትም።

ከሁሉም የረቀቀው የቅኝት ጉዳይ ነው። ኪቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ነው። ትዝታንና ባቲን በዚህ መጫወት ይቻላል፤ ያደገበት ጆሮ ግን ትንሽ ልዩነት ይሰማዋል። በአንቺሆዬ ልዩነቱ ይብሳል፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው። አንዳንድ የያማሃ ኪቦርዶች «ስኬል ቱን» የሚባል ምናሌ አላቸው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ከግማሽ ድምፅ መቶኛ ክፍሎች እስከ 64 የሚሆን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊገፋ ይችላል። ለዓረብ ዜማ የተዘጋጁት ሞዴሎች ለዚህ ነው በሱዳን የሚወደዱት። ሶፍትዌር ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ዴክስድና ሰርጅ በፋይል የተጻፈ ማንኛውንም ቅኝት ይቀበላሉ። ኪያም አላሚ የተባለ ኢራቃዊ ሙዚቀኛ በ2021 ሌይማ የተባለ ነጻ መሣሪያ አቀረበ፤ ማንኛውም ሰው የአገሩን ቅኝት በኮምፒውተሩ ላይ እንዲሠራበት ታስቦ የተሰናዳ ነው። ኤብልተን ላይቭም በ2024 በወጣው 12ኛ እትሙ ይህንኑ አስገባ።

ታዲያ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያሉ ኪቦርዲስቶች ሥራ ሲለዋወጡ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሚዲ ምልክት ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቅኝቱን ይዞ አይሄድም። ገንደ ውኃ ላይ በአንቺሆዬ ተቃኝቶ የተቀዳ 64 ቁጥር ቁልፍ፣ ሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ተራው ሚ ሆኖ ይጮኻል፤ ተቀባዩም ተጫዋቹ የሳተ ይመስለዋል። ስለዚህ ፋይሉ ሲላክ አብሮት መሄድ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ በኪቦርዱ ላይ የትኛው ድምፅ በስንት እንደተገፋ የሚያሳየው ጽሑፍ ወይም የቅኝት ፋይል፣ ጨዋታው ያለ ምት መቁጠሪያ የተቀዳ ከሆነ የምቱ ፍጥነት፣ እንዲሁም ለማመሳከሪያ የሚሆን አንድ ደቂቃ ድምፅ። ሦስቱ ተደምረው በስልክ ለመላክ አይከብዱም።